አውጪዋና ተቀባዮቿ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የቻግኒ ልጅ ነው፤ ወጌን የምጀምረው ግን ከደጄ፣ ከደብረ ታቦር ነው።

ነሐሴ 12 ማታ፣ የቡሄ ዋዜማ፣ ከተማችን በጅራፍ ጩኸት ትናጣለች። ጉና ጭጋጉን ተከናንቦ ይተኛል፤ ልጆች ግን አይተኙም። ዱላ ዱላቸውን ይዘው በየደጁ ይቆማሉ። ድምፁ የጎላ፣ ቃል የማያልቅበት አንዱ አውጪ ይሆናል፤ የቀረው ተቀባይ ነው። እኔ ልጅነቴን በሙሉ ተቀባይ ነበርኩ፤ የተቀባይን ነገር አውቀዋለሁ። አውጪው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ተቀባዩ ከዘገየ ቃሉ መሬት ይወድቃል። ዱላው ሁሉ በአንድ ላይ መሬቱን ሲመታ ግን የተዘጋ በር ይከፈታል፤ ሙልሙሉም ይወጣል። አዝማሪ ቤትም ብትሄዱ ያው ነው። ግጥም ያለው እንግዳ «ተቀበል!» ይላል፤ ባለ መሰንቆው «አቤት!» ብሎ ይቀበለዋል። ዘፈን በእኛ አገር የሁለት ወገን ነገር ነው።

ልጅቱ እጅጋየሁ ሽባባው ናት፤ ጂጂ። የተወለደችው በአዊ ምድር፣ በቻግኒ ነው። ዜማን የተማረችው በቤታቸው ከነበሩ ቄስ ነው ይባላል። ይህን ስሰማ አልተገረምኩም። የደቡብ ጎንደር ሰው ነኛ! ድጓ የሚጸናው እዚሁ ጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕቱ ደግሞ ዙር አምባ። የቆሎ ተማሪ የዘለቀውን ዜማ በየመንገዱ ሲያንጎራጉር የሰማ ሰው፣ ያ ዜማ በጓዳ በኩል ወደ አንዲት ሴት ልጅ ጆሮ እንዴት እንደሚገባ አይጠፋውም።

ኬንያ ጥቂት ዓመት ኖረች፤ በ1998 ግድም፣ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምላችሁ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። በውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን ሁለት አልበም ሠራች። ከዚያ ቦብ ማርሌይን ለዓለም ያሰማው ክሪስ ብላክዌል ድምፅዋን ሰማ፤ በ2001 «ጂጂ» የተባለው አልበም በእሱ ኩባንያ በፓልም ፒክቸርስ ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው።

አሁን ተቀባዮቿን ስሙልኝ። ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮ ሳንደርስ! ሁለቱ ከማይልስ ዴቪስ ጋር፣ ሦስተኛው ከጆን ኮልትሬን ጋር የተጫወቱ ናቸው። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መድረክ አውጪ ናቸው፤ ለቻግኒዋ ልጅ ግን ተቀባይ ሆነው ቆሙ። እሷ አማርኛዋን አልለቀቀችም፤ ስለ ዓድዋ፣ ስለ ዓባይ፣ ስለ ባለ ዋሽንቱ ዘፈነች። ቃሉን ባይሰሙትም ተቀበሏት። እኔን የሚያኮራኝ ይህ ነው።

ከዘፈኖቿ አንዱ «ጉራማይሌ» ይባላል። እናቶቻችን ድዳቸውን ሲነቀሱ አንዱን አጥቁረው አንዱን የሚተዉት፣ ያ ነው ጉራማይሌ። አልበሙም እንዲያው ነው። ቅልቅሉን ያልወደዱ ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንድ ቦታ መሣሪያው በዝቶ ድምፅዋን ሲጋፋው ይሰማኛል።

የእኔ ልብ ያለው በ2003ቱ አልበሟ ላይ ነው፤ «ጽዮን ሩትስ»፣ የጽዮን ሥሮች እንደማለት። አልበሙን አብሯት የሠራው ቡድን ስም አቢሲኒያ ኢንፊኒት ነው። ላስዌል የሚታወቅበትን ቤዝ አስቀምጦ ተራ ጊታር አነሳ። ደቡብ አፍሪካዊው ቶኒ ሴድራስ አኮርዲዮን ይዞ መጣ። ሳክስፎኑንና ዋሽንት መሳዩን ፍሉት የሚነፋው ሞገስ ሀብቴ ነው፤ በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ተሻግሮ እዚያው የቀረው ሞገስ። አስቡት እንግዲህ፤ ከሃያ ዓመት በላይ በሰው አገር የኖረ ሰው፣ የአገሩን ልጅ ድምፅ ሲቀበል። እዚህ አልበም ላይ ማንም ማንንም አይጋፋም። እሷ ታወጣለች፤ እነሱ ዝቅ ብለው፣ ጠብቀው፣ ይቀበላሉ። ልክ እንደ ቡሄ ዱላ።

የ2001ዱን «ዓባይ» ስሰማ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። ርብና ጉማራ ከጉና ይነሳሉ፤ ጣና ይገባሉ። ከጣና ወጥቶ ጎጃምን የሚዞረው ዓባይ ከእኛም ተራራ ውኃ ይዟል። እሷ የጎጃም ልጅ ሆና ስለ ዓባይ ስታወጣ፣ ውኃው ከላይ ከእኛ ነው የመጣው፤ ተቀባይነቱም ይገባናል።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። የዘንድሮ ቡሄ ችቦው ከነደደ፣ ሙልሙሉም ከተቆረሰ በኋላ «ጽዮን ሩትስ»ን ክፈቱት። በመጀመሪያው እሷን ስሙ። ሁለተኛ ስትከፍቱት ግን እሷን ተዉና ከኋላዋ ያሉትን ብቻ ስሙ።