የለስላሳው ግብር፦ በባኮ ድግስ ላይ ማን ይከፍላል?

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚሄድ መንገደኛ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ባኮ ይደርሳል። 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟልና፣ ከተማዋም ለደጋ ሰው ሞቃት ናትና፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀዝቃዛ ነገር ነው። ባኮን አገር የሚያውቃት በበቆሎዋ ነው፤ ከምርምር ማዕከሏ የወጣው «ቢኤች 660» የተባለው ዲቃላ ዘር ስሟን እስከ ሩቅ ገበሬ ማሳ አድርሶታል። እኔ ግን እዚህ የማነሳው በየሱቁ ደጅ የተደረደረውን የለስላሳ ሣጥን ነው። በዚያ ሣጥን ላይ ግብር እንዳለ፣ ግብሩም ረጅም ታሪክ እንዳለው፣ ከሻጩም ከገዢውም ብዙዎቹ አያውቁም።

በዚህ መንገድ ላይ የጠርሙስ መጠጥ የጀመረው ያለ ስኳር ነው። አምቦ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1930 አንሥቶ፣ የምንጯ ውሃ እየታሸገ ይሸጥ ጀመር። ጥጋብ ያስጨነቀው ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት ሆነ። ስኳር ያለው ጠርሙስ የመጣው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ኮካ ኮላን ያሽግ የነበረው የኢትዮጵያ ጠርሙስ አክሲዮን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ፔፕሲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ውስጥ ተከተለ። ደርግ ሁሉንም ወረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ወደ ግል ተመለሱ፣ የፔፕሲዎቹም ሞሐ በሚል ስም ተጠቃለሉ።

1959 በአጋጣሚ የሌሎች ሁለት ነገሮችም ዓመት ነው። በምዕራብ ሸዋና በወለጋ ብዙ ምእመናን ያሏት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው ያን ዓመት ነው። ያን ዓመት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የጤና ግብር አወጁ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ የትምህርት ግብር ነበር። ሁለቱም የሚሰበሰቡት ከመሬት ግብር ጋር ሲሆን፣ ለምን እንደሚውሉ ስማቸው ራሱ ይናገር ነበር። ገበሬው ይማረር ነበር፤ መሬት ላይ የተጫነ ግብር ማን ወደደ? ቢማረርም ግን ምን ተብሎ እንደሚወሰድበት ያውቃል። ለስላሳ ላይ የተጣለው ግብር ይህ ስም የለውም።

ነገሩን በሕጉ እንየው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ከፍራፍሬ ጭማቂ በቀር ለስላሳ መጠጦች ላይ 40 በመቶ ጣለ። በፋብሪካ የታሸገ ውሃ ላይ 30፣ ቢራ ላይ 50፣ ስኳር ላይ ደግሞ 33 በመቶ። ስኳር የሌለው ውሃና ስኳር የሞላበት ኮካ የተራራቁት በአሥር ነጥብ ብቻ ነበር ማለት ነው። አዋጁ የቅንጦት ዕቃዎችን፣ ዋጋቸው ቢጨምርም ሰው መግዛቱን የማይተዋቸውን ሸቀጦችና ጤናን የሚጎዱትን በአንድ ከረጢት ከቷቸዋል። ለስላሳ በየትኛው ምክንያት እንደገባ ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም። የእኔ ግምት ቅንጦት ተብሎ ነው፤ ለስላሳ በእንግዳና በዓመት በዓል ብቻ የሚከፈትበት ዘመን የቅርብ ትዝታ ነበርና።

በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 መጣ፤ ስኳር የተጨመረበት ለስላሳ ወደ 25 በመቶ ወረደ። ላይ ላዩን ላየው መንግሥት ለስኳር የራራ ይመስላል። የተለወጠው ግን የሚሰላበት መሠረትም ነው። ቀድሞ ግብሩ የሚታሰበው በማምረቻ ወጪ ላይ ነበር፤ አሁን ከፋብሪካ በሚወጣበት መሸጫ ዋጋ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ለማምረት 10 ብር የፈጀ ጠርሙስ በፊት 4 ብር ይከፍላል፤ ፋብሪካው በ16 ብር የሚሸጠው ከሆነ በአዲሱም ስሌት የሚከፍለው ያንኑ 4 ብር ነው። በዚያ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። ኤክሳይዙ ፋብሪካው በር ላይ ያልቃል። ባኮ ሲደርስ የሚታየው አንድ ዋጋ ብቻ ነው፣ ዋጋው በጨመረ ቁጥር የሚወቀሰውም ባለሱቁ ነው። ስለማይታይ ነገር የሕዝብ አስተያየት ሊኖር አይችልም።

አሜሪካኖች ይህን ግብር በአደባባይ ተሟግተውበታል፤ ሙግቱም ከዘር ጋር የተጣበቀ ነበር። የስኳር በሽታ ጥቁሮችን፣ ላቲኖችንና ነባር ሕዝቦችን ከነጮች ይበልጥ ያጠቃል። ታዲያ ግብሩ እነሱን ይጠብቃል ወይስ ከድሃ ኪስ ይወስዳል? ኒው ዮርክ ላይ ከንቲባ ብሉምበርግ ትልልቅ የለስላሳ ብርጭቆዎችን ሊከለክሉ ሲነሡ፣ የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ የኤንኤኤሲፒ የግዛቱ ቅርንጫፍና የላቲኖች ፌደሬሽን በፍርድ ቤት ከለስላሳ ኩባንያዎች ጎን ቆሙ። ድርጅቱ ከኮካ ኮላ ገንዘብ ያገኝ እንደነበርም ጋዜጦች ጻፉ። በአንጻሩ ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 በለስላሳና በአልባሌ ምግብ ላይ የ2 በመቶ ግብር በራሱ ፈቃድ ጣለ፤ ገንዘቡም በየቀበሌው ለሚሠሩ የጤና ሥራዎች እንዲውል ወሰነ።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የሁለት ከተሞች ዕጣ ነው። የፊላደልፊያ ከንቲባ ጂም ኬኒ ስለ ስኳር ብዙ አልሰበኩም፤ ገንዘቡ ለሕፃናት ቅድመ መደበኛ ትምህርት፣ ለመናፈሻና ለቤተ መጻሕፍት ነው አሉ። ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ፣ የግዛቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አልፎ ጸና። ቺካጎ ያለችበት ኩክ ካውንቲ ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ተመሳሳይ ግብር ሲጀምር የበጀት ጉድለት መሙያ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። ሁለት ወር ጥቂት እንዳለፈው ምክር ቤቱ ራሱ እንዲሻር ድምፅ ሰጠ። ሁለቱም ብዙ ጥቁሮችና ላቲኖች የሚኖሩባቸው ናቸው፤ ስለዚህ የሰዉ ቀለም ብቻውን ልዩነቱን አያስረዳም።

እኛ ዘንድ ብሔር የማይነሣበት ጉዳይ ጥቂት ነው። በለስላሳ ግን ኦሮሞው ከአማራው ወይም ከጉራጌው የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም። የሚለየው ሃይማኖት ነው። የባኮን ሰርግ አስቡት። ሥጋው የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይቀርባል። ጠላውና ቢራው ለሚጠጣው ነው፤ ሙስሊሙም አጥባቂው ፕሮቴስታንትም አይነኩትም። ጾመኛ ካለ ከሥጋው ዘወር ይላል። ሣጥኑ የተከፈተው ለስላሳ ግን በሁሉም ፊት ያልፋል። ጾም አይፈታም፣ ሃራም አይደለም፣ ሾፌሩም ይጠጣዋል። እንግዶቹ በሙሉ እኩል የሚካፈሉት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

አሁን ግብሩን በዚህ ድንኳን ውስጥ ተከተሉት። ቢራ ላይ ያለው ኤክሳይዝ ከለስላሳው ይበልጣልና ጠጪው በነፃ አመለጠ አይባልም። ነገር ግን ከጓዳ የተጠመቀ ጠላ ለመንግሥት አንዲት ሳንቲም አያስገባም። ጠላ የሚጠጣው እንግዳ ግብር ሳይከፍል ያመሻል፤ በእምነቱ አልኮል የተወው ጎረቤቱ በያንዳንዱ ጠርሙስ ይከፍላል። ሕግ አውጪው ይህን አስቦ አላደረገውም፤ ውጤቱ ግን ይኸው ነው። አንድ ቀን ጠያቂ መጥቶ የምዕራብ ሸዋን ሰው አስተያየት ቢሰበስብ ልዩነቱ የሚወጣው በዚህ መስመር ይመስለኛል። ከብሔር ሠንጠረዥ በፊት የሃይማኖቱን ቢከፍት ይሻለዋል።

በእርግጥ ከጠርሙስ ውጭም አማራጭ አለ። ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦ የሙስሊሙም የፕሮቴስታንቱም ቤት መጠጥ ነው። ወለጋ ድረስ የሚታወቀው የገብስ ሻሜታ ደግሞ ለአራስ ይሰጣል። ቀሪቦ ግን ስኳር ይገባበታል፣ ያውም በልግስና። ሻይማ አይነሣ፤ በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያዊው ስኳር በብዛት የሚገባው በሻይና በቡና ነው፤ የለስላሳ ግብር ይህን አይነካውም።

መንግሥት ራሱ ከስኳር ጋር ያለው ጠባይ ሁለት ነው። በጌዶ ታጥፈው የሚደርሱበትን የፊንጫ ፋብሪካ የመሳሰሉትን ራሱ ሠርቷል። ስኳር ሲጠፋም በሸማቾች ማኅበር በኩል በተመን ዋጋ በኪሎ አከፋፍሏል። በአንድ እጁ ስኳር በቁጥጥር ዋጋ ለቤተሰብ ሲያድል ኖሯል፣ በሌላው ጠርሙስ ውስጥ የገባውን ይቀርጣል። ለዚህም የራሱ ምክንያት አለው፤ የምግብ እጥረትና የስኳር ብዛት አብረው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት መቀንጨራቸውን አሳይቷል። በከተማው ደግሞ የስኳር በሽታና ደም ግፊት እየተለመዱ ነው። 300 ሚሊ ሊትር የያዘ አንድ ኮካ 30 ግራም የሚያልፍ ስኳር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይበልጥ ለጤና ይበጃል የሚለው የቀን ጣሪያ ደግሞ 25 ግራም ገደማ ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ግብር የጠርሙሱን ዋጋ ቢያንስ በ20 በመቶ ከፍ ካደረገ የሚጠጣው መጠን እንደሚቀንስ ጽፏል።

እኔ ግብሩን እደግፋለሁ። የማልደግፈው ስም አልባነቱን ነው። ከያንዳንዱ ሣጥን ላይ የተወሰነው ብር ለባኮ ጤና ጣቢያ የስኳር መለኪያና ኢንሱሊን እንደሚውል ሕጉ ቢናገር፣ ቁጥሩም በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ድግስ ደጋሹ ስለ ግብሩ የሚለው ነገር ይኖረዋል። ሊቃወመውም ይችላል፤ ቢቃወም የሚቃወመው ባለሱቁን አይሆንም።