የወተት ስኳር አለመስማማት

ላክቶስ ኢንቶለራንስ የሚለው ስም ከሐኪም ክፍል ወጥቶ ካፌና ሱፐርማርኬት ከገባ ቆይቷል። በአማርኛ ግን ገና የረጋ መጠሪያ የለውም። አንዱ የውጭውን ስም በፊደላችን ይጽፈዋል፤ ሌላው «የላክቶስ አለመቻቻል» ይለዋል፤ ብዙው ሰው ደግሞ «ወተት አለርጂክ ነኝ» ብሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ለማያውቅ አያስረዳም። ሁለተኛው ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ የምንለው ቃል ነው፤ አንጀት ውስጥ ቦታ የለውም። ሦስተኛው የሌላ ሕመም ስም ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

እዚህ «የወተት ስኳር አለመስማማት» እለዋለሁ። ግሡን ከቤት ነው የወሰድኩት፤ እናቶቻችን «ወተት አይስማማኝም» ሲሉ ኖረዋል። የተጨመረው «ስኳር» ብቻ ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ወተት አይስማማኝም ያለ ሰው እርጎውንም፣ ቅቤውንም፣ አይቡንም አብሮ ይተዋል። የማይስማማው ስኳሩ መሆኑን ያወቀ ግን ስኳሩ የት እንዳለና የት እንደሌለ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ምግብ ወደ ማዕዱ ይመልስለታል።

ላክቶስ በወተት ውስጥ የሚገኘው ስኳር ነው። ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ተጣምረው የሚሠሩት ነው። አንጀት እንደ ተጣመሩ ሊመጥጣቸው አይችልም፤ መጀመሪያ መለያየት አለባቸው። የሚለያያቸው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ የሚመረተው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ላክቴዙ ካነሰ ላክቶሱ ሳይከፈል ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። እግረ መንገዱን ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ደግሞ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዝ ይወጣል። ሆድ መንፋቱ፣ ማጉረምረሙ፣ ቁርጠቱና ተቅማጡ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወተቱ ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ከጋዙ አንዱ ሃይድሮጅን ነው፤ ከፊሉ በደም በኩል ሳንባ ይደርስና ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። ሐኪሞች በትንፋሽ የሚመረምሩትም ለዚህ ነው።

የላክቴዝ ማነስ በራሱ በሽታ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ ላክቴዙ ሙሉ ነው፤ ምግቡ የእናቱ ጡት ስለሆነ ያስፈልገዋል። ጡት ከተወ በኋላ ግን እንደ ሌሎቹ አጥቢ እንስሳት ሁሉ በብዙ ሰው ላይ የላክቴዙ መጠን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በ2017 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ድምር ከዓለም ሕዝብ 68 በመቶ የሚሆነው ላክቶስን በሚገባ እንደማይፈጭ ገምቷል። እንግዲህ ለየት ያለው ወተትን እስከ እርጅና ያለችግር የሚጠጣው ሰው ነው። ሕክምናው ይህን ለመረዳት ዘግይቷል፤ መለኪያው የሰሜን አውሮፓ ሰው ሆድ ነበርና። በ1960ዎቹ አጋማሽ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩ ተመራማሪዎች ጤናማ በሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን አዋቂዎች ዘንድ የላክቴዝ ማነስ ከነጮቹ ይልቅ እጅግ የተለመደ መሆኑን ሲያሳዩ ብዙዎችን አስገርመው ነበር።

የዘር ምክንያቱ የታወቀው በ2002 ነው። የፊንላንዷ ተመራማሪ ሊና ፔልቶኔን የምትመራው ቡድን በአውሮፓውያን ላይ ላክቴዝ ሳይጠፋ እንዲዘልቅ የሚያደርገውን የዘረ መል ለውጥ አገኘ። በ2007 ደግሞ ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ በምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢዎች ላይ ከአውሮፓው የተለዩ ለውጦችን አገኙ። አገራችን በዚህ ጉዳይ ልዩ ቦታ አላት። በ2013 የታተመ ጥናት ይህን ሥራ የሚሠሩ በርካታ የተለያዩ ለውጦች በኢትዮጵያ ሕዝቦች መካከል ጎን ለጎን እንደሚገኙ አሳይቷል። አውሮፓ በአብዛኛው ባንድ መንገድ የደረሰበትን ነገር የእኛ ሰው በብዙ መንገድ ደርሶበታል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ሁላችንም አልደረስንበትም። ዘመኑን በሙሉ የግመልና የላም ወተት ሲጠጣ የኖረ አርብቶ አደርና በእህል ያደገ ደጋማ ገበሬ እዚህ ላይ እኩል አይሆኑም፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾችም ሊለያዩ ይችላሉ። አንዱ ማሰሮውን ሲጨርስ ሌላው በአንድ ብርጭቆ ሲታመም ሰነፍ ሆድ ይባላል፤ ያ ፍርድ ትክክል አይደለም።

ሁለት ነገሮችን ለይተን ብንጠራ መልካም ነው። ላክቴዝ አንሶ ስኳሩ ሳይከፈል ማለፉ «የወተት ስኳር አለመፈጨት» ነው። በዚህ የተነሳ ሰውየው ሲታመም «የወተት ስኳር አለመስማማት» እንላለን። የመጀመሪያው ያለበት ሁሉ ሁለተኛው የለበትም። ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው መጠን ነው። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህሉ፣ 12 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው። ስኳሩ ከማይፈጭላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ያህሉን፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ፣ ያለ ብዙ ችግር ይችሉታል። በባዶ ሆድ የተጠጣ ትልቅ ኩባያ ወተት የሚያንበረክከው ሰው ቁርስ ከበላ በኋላ አንድ ስኒ ማኪያቶ ምንም ላይለው ይችላል። እያንዳንዱ የራሱን ልክ የሚያውቀው በመሞከር ነው፤ ሁለት ሳምንት ያህል ላክቶስ ትቶ፣ ሆዱ ሲያርፍ ትንሽ በትንሹ እየመለሰ። በየቀኑ በጥቂቱ ሲወሰድ የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች እየለመዱት የሚሻላቸውም አሉ።

አሁን ወደ አለርጂው ልመለስ። የወተት አለርጂ የሰውነት መከላከያ በወተቱ ፕሮቲን ላይ የሚነሣው ቁጣ ነው፤ ስኳሩ አይመለከተውም። ሽፍታ፣ የከንፈርና የፊት ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ሊያመጣ፣ ብሎም ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። አለርጂ ላለበት ልጅ ጠብታዋም አደጋ ናት፤ ላክቶስ አለመስማማት ያለበት ሰው ግን በጠብታ አይሞትም። ላክቶስ የወጣለት ወተት ፕሮቲኑ እንዳለ ነውና አለርጂ ያለበት ሰው ፈጽሞ መጠጣት የለበትም። «ወተት አለርጂክ ነኝ» የሚለው አባባል በስህተት ሲለመድ አስተናጋጁም ዘመዱም ነገሩን ቀለል አድርጎ ማየት ይጀምራል፤ በእውነት አለርጂ ያለበት ልጅ ሲመጣ ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው።

ሌላው የሚምታታው ከጃርዲያ ጋር ነው። በእኛ ሰፈር ሆድ ሲነፋ መጀመሪያ የሚጠራው ጃርዲያ፣ ቀጥሎ አሜባ፣ ቀጥሎ ጨጓራ ነው። ጃርዲያ ግን ራሱ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ስለሚጎዳ ላክቴዙን ለጊዜው ያሳንሰዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን ጨርሶ ምርመራው ነጻ የወጣ ሰው ወተት በጠጣ ቁጥር ለተወሰኑ ሳምንታት ሊታመም ይችላል፤ ጃርዲያው አልለቀቀኝም ብሎም ሁለተኛና ሦስተኛ መድኃኒት ይውጣል። ከከባድ ተቅማጥ በኋላም እንዲሁ ነው። አንጀቱ ሲያገግም ላክቴዙም ይመለሳል። ደም ያለበት ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ግን የወተት ስኳር ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ወደ ጓዳ ስንገባ ነገሩ ተስፋ ሰጪ ይሆናል። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ላክቶሱን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ የእርጎ መኮምጠጥ ስኳሩ እየተበላ መሆኑን ይናገራል። ሁሉም አያልቅም፤ ነገር ግን በሕይወት ያሉት ባክቴሪያዎች አንጀት ውስጥም ላክቶስ በመክፈል ያግዛሉ፤ ለዚህ ነው ወተት የማይስማማው ብዙ ሰው እርጎ የሚስማማው። እርጎው ሲናጥ ቅቤው ይወጣል። ቅቤ ስብ ነው፤ ላክቶሱ ኢምንት ነው፤ ሲነጠር ደግሞ የለም ለማለት ይቀርባል። ስለዚህ ዶሮ ወጡም ክትፎውም በዚህ ምክንያት አይከለከሉም። የቀረው አሬራ ለዘብ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይለያል። ስኳር በውሃ የሚሟሟ ነውና ከተረፈው ላክቶስ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። በደንብ የተጠነፈፈ አይብ ለብዙዎች ሰላም ነው፤ አጓቱ ግን አይደለም። ከውጭ የሚመጡት ብዙ የቆዩ ደረቅ አይቦችም፣ እንደ ፓርሜዣን ያሉት፣ ላክቶስ የላቸውም ለማለት ይቻላል።

የፍየልና የግመል ወተት መፍትሔ ናቸው የሚለው ወሬ ግን ሰውን ያስታል። ሁለቱም ላክቶስ አላቸው፤ መጠኑም ከላም ወተት ብዙ አይርቅም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ ወገኖቻችን የግመል ወተት በየሱቁ ስለሚቀርብ ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። የዱቄት ወተት ደግሞ ከክብደቱ ሲሶ የሚበልጠው ላክቶስ ነው፤ ብስኩትና ቸኮሌት ውስጥ የሚደበቀውም እሱ ነው።

ከእንስሳ ያልሆነውን ፍለጋ እኛ ዛሬ አልጀመርነውም። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን ስንደምር የኦርቶዶክስ ጿሚ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ያሳልፋል። የጾም ማዕድ ቤት ያንን ግማሽ ዓመት በባዶ አላሳለፈውም። ሱፉ ታምሶ ወይም ተቀቅሎ ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ይጠለላል፤ የሚወርደው ነጭ ፈሳሽ መልኩ ወተት ነው። እንጀራ ተፈትፍቶበት፣ ቃሪያና ዝንጅብል ጣል ተደርጎበት ሲቀርብ ጾሙ ራሱ በዓል ይመስላል። ተልባውም፣ ሰሊጡም፣ ኑጉም በዚሁ ጥበብ ይጠጣሉ። ዛሬ በውጭ አገር በካርቶን ታሽጎ በውድ የሚሸጠውን ሐሳብ አያቶቻችን በሙቀጫና በወንፊት ሲሠሩት መኖራቸው ሊያኮራን ይገባል። አዲስ አበባ ካፌ ገብቶ «የጾም ማኪያቶ» ማለትም ይህንኑ ባህል መጠቀም ነው፤ ጿሚም አልጿሚም፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሊያዝዘው ይችላል፤ ማብራሪያም አይጠየቅበትም። ሰው ቤት ወተት ሲቀርብልንና እምቢ ማለት ሲከብደን ግን «የወተቱ ስኳር አይስማማኝም፣ እርጎ ካለ ደስ ይለኛል» ማለት እንግዳውን አያሳፍርም፤ ባለቤቲቱንም የምታቀርበውን አያሳጣትም።

በካርቶን ከሚመጡት የአኩሪ አተሩ በፕሮቲን ከላም ወተት ጋር የሚቀራረብ ነው። የአልሞንድና የሩዝ መጠጦች በዚህ በኩል ደካማ ናቸው። የአጃው ታሪክ በቀጥታ ከርዕሳችን ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሪካርድ ኧስቴ የተባለ የምግብ ሳይንቲስት ወተት ለማይስማማቸው ሰዎች ሲል የሠራው ነው። ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ከእነዚህ አንዱም የእናት ጡትን ወይም የሕፃናት ወተትን አይተካም። ወተቱን ራሱን ለሚወድ ደግሞ ላክቴዝ አስቀድሞ የተጨመረበት አለ። ስኳሩ ተከፍሎ ስለሚመጣ ጣፈጥ ይላል፤ ካልሺየሙና ፕሮቲኑ ግን እንዳለ ነው።

ወተት የተወ ሰው የሚያጣው ዋናው ነገር ካልሺየም ነው። ጎመን ካልሺየሙን ለሰውነት በቀላሉ ይሰጣል። ጥሬ ጤፍ በ100 ግራም 180 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፤ ሊጡ መቡካቱም ሰውነት ማዕድኑን እንዲያገኘው ይረዳል። የተክል መጠጥ ሲገዛ ካልሺየምና ቫይታሚን ዲ እንደተጨመረበት ማየት፣ ከመቅዳት በፊትም መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ካልሺየሙ ወደ ታች ይዘቅጣልና።

በውጭ ለሚኖሩት የሚረዳቸው በምግቡ ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ሕግ ወተት በታሸገ ምግብ ውስጥ ካለ በስሙ መጠቀስ አለበት፤ የአጓት ዱቄት የሚለውም ላክቶስ አለበት ማለት ነው። በእስራኤል ላሉት ደግሞ ቀላል ምልክት አለ። «ፓርቬ» የሚለው ማኅተም ያለበት ምግብ ሥጋም ወተትም የለበትም፤ እዚያ የሚኖር ወተት የማይስማማው ሰው ይህን ማኅተም ይፈልግ።