የገባ፣ የገበረ፣ እጁን የሰጠ

በ1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት የአፄ ቴዎድሮስ ጦር ከመቅደላ ግርጌ አሮጌ ላይ በእንግሊዝ ጥይት ረገፈ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። በማግሥቱ ጄኔራል ናፒየር ደብዳቤ ላከ። ንጉሡ ለእንግሊዝ ንግሥት ቢገዙና ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ሁሉ ቢያስረክቡ እሳቸውም ቤተሰባቸውም በክብር ይያዛሉ የሚል ነበር። ቴዎድሮስ ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ጠየቁ። በክብር መያዝ ማለት እስረኛ አድርጎ ማክበር ነው ወይስ ጠላቶቻቸውን ድል ነሥተው አገራቸውን መልሰው እንዲይዙ መርዳት?

እንግሊዞቹ ጥያቄው ግራ ሳያጋባቸው አልቀረም። ለአንድ የሐበሻ መኰንን ግን ከዚህ የበለጠ ተገቢ ጥያቄ የለም። እሳቸው ባደጉበት ዓለም ለበላዩ ያደረ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ ወይ ሹመቱ ይጸናለታል፣ ወይ ግዛቱ ይመለስለታል። ስለዚህ ቴዎድሮስ በሚያውቁት መንገድ ሄዱ። ፋሲካ ነበርና አንድ ሺህ ላምና አምስት መቶ በግ ለናፒየር ሰደዱ። ስጦታው ተቀባይነት አገኘ ተብሎ ሲነገራቸው ዕርቁ ያለቀ መሰላቸውና የቀሩትን አውሮፓውያን ለቀቁ። ከብቱ ከሰፈሩ ውጪ ቆሞ መቅረቱን የሰሙት ኋላ ነው። ሰኞ ሚያዝያ 6 መቅደላ ሲሰበር ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ናፒየር የጠየቃቸው፣ እኛ ‹‹እጅ መስጠት›› የምንለውን ነው። ይህ ቃል ከሌሎቹ ሁሉ በታች ነው የሚቀመጠው፤ ጀግና ስለ ራሱ አይናገረውም፣ ፎካሪም ለጠላቱ ካልሆነ አያነሣውም። ሸፍቶ የኖረ ሰው ከንጉሡ ጋር ሲታረቅ ግን ‹‹ገባ›› ይባላል። የገባ ሰው በእግሩ መጥቷል፤ አማላጅ ቀድሞለታል፣ መሐላ ተቀብሏል። የገበረ ደግሞ አገሩን እንደያዘ የበላዩን አውቆ ግብር የሚያገባ ነው። ይኸው ሰው ንጉሡ አዳራሽ ሲቀርብ የሚበላውም ግብር ይባላል። እነዚህ ሁሉ ያመለጡት፣ ጦር ሜዳ ላይ የተያዘው፣ ‹‹ተማረከ›› ይባላል። ምርኮኛ የሚደራደርበት ነገር የለውም።

መግባት እንዴት ያለ ሥርዓት እንደነበረው ሸዋ ውስጥ ልቼ ላይ ከሆነው የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ናፒየር ሲመለስ ስላልተቃወሙትና መንገድ ስላሳለፉት መድፍና ጠመንጃ የተዉላቸው የትግራዩ ካሣ፣ ነግሠው ዮሐንስ አራተኛ ሆነዋል። የሸዋው ምኒልክም ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ይሉ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ሸዋ ዘለቁ። ጦሮቹ ተፋጠጡ እንጂ ዋናው ውጊያ አልተነሣም፤ በመካከል ካህናት ተመላለሱ። መጋቢት ላይ ምኒልክ ከአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ዮሐንስ ወደተቀመጡበት ድንኳን ገቡ፣ በግንባራቸውም ተደፉ። ድንጋዩ ከላያቸው ወረደ፤ መድፍ ተተኮሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ቁም ነገሩ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መባልን ተዉ፤ ግብር ሊያገቡ ተስማሙ። ዮሐንስ ደግሞ በገዛ እጃቸው ዘውድ ደፉላቸውና ንጉሠ ሸዋ አሏቸው። ድንጋይ ተሸክሞ የገባው ሰው የወጣው ዘውድ ደፍቶ ነው። በኔ ግምት ድንጋዩ የወረደበት ቅጽበት ከተሸከሙበት ይበልጣል፤ ማውረድ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ያየው ሠራዊት ሁለት ንጉሠ ነገሥት እንደሌለ ገብቶታል።

በ1886 ዓ.ም. ሥርዓቱ አዲስ አበባ ላይ ተደገመ። የዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ፣ ራስ አሉላንና ሌሎች የትግራይ መኳንንትን አስከትለው በየአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ገቡ። በዚህ ጊዜ ዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ምኒልክ ነበሩ። ምሕረቱ ተሰጠ፤ መንገሻ ሲመኙት የነበረው ንጉሥ የሚል ማዕርግ ግን አልተሰጠም። ለእሳቸው መግባቱ እንደ ልቼው አልከፈለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸፈቱ፤ አንኮበር ታስረውም እዚያው ሞቱ።

ደቡቡ ጋ ስንደርስ ቃላቱ ይከብዳሉ። የጅማው አባ ጅፋር ሳይዋጉ ገበሩ፤ በእናታቸው በጉምቲ ምክር ነው ይባላል። ጅማም እስከ 1920ዎቹ በራሷ ንጉሥ ኖረች። የወላይታው ካዎ ጦና እምቢ አሉ። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ፤ ብዙ ሰው አለቀ፣ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ‹‹ገበረ›› የሚለውን ቃል የጻፈልን አብዛኛውን ጊዜ የአስገባሪው ጸሐፊ መሆኑን መርሳት አይገባም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ያንኑ ቀን በሌላ ስም ይጠራዋል።

መቀሌ ላይ ደግሞ ቃሉ ራሱ የጠፋለት ነገር ሆነ። የጣሊያኑ ሜጀር ጋሊያኖ እንዳየሱስ ላይ በተሠራው ምሽግ ውስጥ ተከበበ። በእቴጌ ጣይቱ ዘዴ ምንጩ ሲያዝበት ውኃ ጠማው፤ በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለመልቀቅ ተስማማ። ነገር ግን አልተማረከም፤ ጠመንጃውን አላስረከበም፣ አልገባም፣ አልገበረም። በራስ መኮንን አስታራቂነት ከነሠራዊቱና ከነመሣሪያው ወጣ፤ ለጭነቱም በቅሎ ተፈቀደለት። የኢትዮጵያ ወታደር በዚህ አጉረመረመ፤ በውኃ ጥም የተያዘ ጠላት ለምን ይለቀቃል አለ። ምኒልክ ግን ሰላም ይፈልጋሉ መባልን ፈልገዋል፤ የጣሊያኖቹ ጉዞም ለሠራዊታቸው ወደ አድዋ መገስገሻ ጋሻ ሆኗቸዋል። የጣሊያን መንግሥት በበኩሉ ጋሊያኖን ምሽግ አስረከብክ አላለውም፤ ጀግና ብሎ ሌተና ኮሎኔልነት ሾመው። በአዲሱ ማዕርጉ አንድ ወር ያህል ቆይቶ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ሞተ።