ላፕቶፕዎ ላይ መጠጥ ቢፈስ ምን ያደርጋሉ?

ዛሬ ላፕቶፕ በብዙ አጥቢያዎች ቢሮ የመዝገብ ሣጥን፣ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጅም የመመረቂያ ጽሑፍ ማስቀመጫ ሆኗል። በአካባቢያችን ደግሞ ሥራና መጠጥ አይለያዩም፤ ቡናው፣ የወተት ሻዩ፣ በቅመምና በጨው የሚጠጣው የቡና ቅጠል ሃይታ ቱኬ ከጠረጴዛችን አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ቀን ኪቦርድ ላይ መፍሰሱ አይቀርም።

በእኔም ደርሷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ የወተት ሻይ ተደፋብኝና ላፕቶፑ ወዲያው ጠፋ። በጨርቅ ጠራረግሁትና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «እስቲ ይሠራ እንደ ሆነ ልየው» ብዬ አበራሁት። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። የአጥቢያችን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በውስጡ ነበር። ባለሙያው ከፍቶ ካየው በኋላ «ባያበሩት ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር» አለኝ። ይህን የምጽፍልዎ እርስዎ የእኔን ስሕተት እንዳይደግሙ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው እንዴት ነው?

የምንጠጣው ውሃ ማዕድናት ስላሉበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ጨው ያለበት መጠጥ ደግሞ ይብሳል። ፈሳሹ በማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መስመሮች ሲያገናኛቸው ሾርት ይፈጠራል። ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስም እርጥበቱ ብረቱን በፍጥነት ይበላዋል። ስኳርና ወተት ከደረቁም በኋላ ተጣብቀው ይቀራሉ። ዛሬ ተረፈ የተባለ ላፕቶፕ ከሳምንታት በኋላ የሚሞተው ለዚህ ነው።

1. ኤሌክትሪኩን ያቋርጡ

ቻርጀሩን ከግድግዳው ይንቀሉ። ሶኬቱ ወይም ማከፋፈያው ከረጠበ ግን ሳይነኩት አስቀድመው ከቆጣሪው ያጥፉ። ቀጥሎ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ቢኖርም «ሴቭ ላድርግ» ብለው አይዘግዩ። መብራት በሄደበት ሰዓት ቢፈስም አይዘናጉ፤ ባትሪው ኤሌክትሪክ መስጠቱን ይቀጥላል። ባትሪው ከውጭ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ያውጡት። ፍላሽና ማውስ ካሉም ይንቀሉ። ባትሪው ከጋለ፣ ካበጠ ወይም እንግዳ ሽታ ካመጣ አይነካኩት፤ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ከአጠገቡ ይራቁ፤ ሌሎችንም ያርቁ።

2. ይገልብጡት

ስክሪኑን በሰፊው ከፍተው፣ ኪቦርዱ ወደ ታች እንዲያይ እንደ ድንኳን በፎጣ ላይ ያቁሙት። ፈሳሹ በገባበት መንገድ ይወጣል። አያራግፉት፤ ሲራገፍ ወዳልደረሰበት ክፍል ይሄዳል። ከላይ የቀረውን በጥጥ ጨርቅ ወይም በሶፍት ሳያሹ ያስመጥጡ።

3. እነዚህን አያድርጉ

ከከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም በጠራራ ፀሐይ አያስቀምጡት፤ በሞቃት የፀጉር ማድረቂያም አይንፉት። ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያጣምማል፤ ባትሪውንም ይጎዳል። ሩዝ ውስጥ መቅበርም አይረዳም። ሩዙ ማዘርቦርድ ላይ ያለውን ስኳርና ጨው አያወጣም፤ ብናኙም ወደ ውስጥ ይገባል። አፕል በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የረጠበ ስልክን ሩዝ ውስጥ እንዳያስቀምጡ ደንበኞቹን አስጠንቅቋል። ለላፕቶፕም ያው ነው።

4. ማድረቅና ማጽዳት

የፈሰሰው ንጹሕ ውሃና ጥቂት ከሆነ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ቦታ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ቀን ይተዉት። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ጊዜውን ያርዝሙ። ባትሪው ውስጥ የተገጠመ ከሆነ ግን ለውሃም ቢሆን ባለሙያ ቶሎ ከፍቶ ቢነቅለው ይሻላል።

የፈሰሰው ሻይ፣ ቡና፣ ለስላሳ፣ ወተት ወይም ሃይታ ቱኬ ከሆነ መድረቁ ብቻ አይበቃም። ሳይውል ሳያድር ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ከቦዲቲ ወይም ከአረካ ወደ ሶዶ የሚጓዙ ከሆነ ፈሳሹ ተንጠባጥቦ ካለቀ በኋላ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው ይያዙት። ዝናብ ፈርተው በፌስታል አይቋጥሩት፤ እርጥበቱን ያፍናል።

ለባለሙያው ምን እንደ ፈሰሰና መቼ እንደ ፈሰሰ፣ አብርተውትም ከሆነ ሳይደብቁ ይንገሩ። ሳያበራ እንዲከፍተው፣ ባትሪውን እንዲነቅልና ማዘርቦርዱን ንጥረቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል እንዲያጸዳው ይጠይቁ። በኮሮና ጊዜ ቤታችን የገባው ሳኒታይዘር ለዚህ አይሆንም፤ ውሃና ብዙውን ጊዜም ግሊሰሪን አለበት። አረቄም ውሃው ብዙ ነው።

5. ከማሽኑ በፊት ጽሑፉን

ላፕቶፕ በገንዘብ ይተካል፤ የብዙ ዓመት መዝገብ ግን አይተካም። ማዘርቦርዱ ቢሞት እንኳ ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው ደኅና ሊሆን ይችላል። ባለሙያው አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሊያያይዘው ይችላል። የእኛም መዝገብ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። «ያለ ፈቃዴ ፎርማት እንዳይደረግ» ብለው አስቀድመው ይናገሩ። ዊንዶውስ ዲስኩን በቢትሎከር ቆልፎት ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ይገኛል። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ማከማቻው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ነቅሎ ማውጣት አይቻልም።

6. ሳይፈስ በፊት

መዝገብዎን በሁለት ቦታ ይገልብጡ፤ አንዱ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይሁን። እኛ አሁን በየወሩ መጨረሻ አንዱን ፍላሽ በቢሮ፣ ሌላውን በጸሐፊያችን ቤት እናስቀምጣለን። ሲኒውንም ከላፕቶፑ ዝቅ ባለ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ተምረናል።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ሁሉ ባያስታውሱ እንኳ አንዱን ይያዙ፦ ከፈሰሰ በኋላ ያጥፉት፤ ተከፍቶ ሳይጸዳና ሳይደርቅ «እስቲ ልየው» ብለው አያብሩት። በእናንተም ቢሮ ላፕቶፑን ለሚይዘው ወንድም ወይም እኅት ዛሬውኑ ይንገሩ።