«መጀመሪያ» የምንለው ምንድን ነው? የዋልያስ ባንድ ቀዳሚ አልበምና የይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳ



ትናንት ይምርሐነ ክርስቶስን አብረን ተሳልመናል። ከደጁ የቆመ ሰው ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቁ በተደረደሩበት ግድግዳ ላይ ነው። ስልቱ ከአክሱም የተወረሰ ነው። በዚህ ስልት ከተሠሩት ሕንፃዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ይህ ግን በዋሻ ተከልሎ ከዝናብ ተረፈ። ባይተርፍ ኖሮ የላሊበላውን የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ መረዳት በቸገረን ነበር። አማኑኤል ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ ግድግዳው ገባ ወጣ እያለ የተቀረጸው ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ድርድር ለመምሰል ነውና።

የዛሬው ርእሴ የዋልያስ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው። ከግድግዳው የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለብዙ ዓመታት ሳስተምር የባንዱ የመጀመሪያ አልበም እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ የታተመው «ቼ በለው» ነው እል ነበር። ሸክላው በእርግጥም ትልቅ ሥራ ነው። ዘፋኝ በማጀብ የሚታወቁ ሙዚቀኞች በመሣሪያ ብቻ ሙሉ አልበም አቀረቡ። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ተጫወቱ፤ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጋብዘው ተሳተፉ። ኋላ ዓለምን የዞረው «ሙዚቃዊ ስልት»ም የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው።

ሆኖም ባንዱ ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ይሠራበት በነበረው የአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ክበብ ውስጥ «ትዝታ» የተሰኘ ካሴት ቀርጾ በራሱ አውጥቶ ነበር። እርሱም ዘፋኝ የሌለበት ነው። በውጭ አገር በድጋሚ ታትሞ ለብዙዎቻችን የደረሰን ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

በመሆኑም የተሳሳትኩት በዓመት ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ የታሪኩንም አካሄድ አዛብቼዋለሁ። «ቼ በለው»ን ብቻ ይዞ የሚነሣ ሰው፣ በመሣሪያ ብቻ የሚነገረው ሙዚቃ ድንገት ከነሙሉ ቁመናው የተወለደ ይመስለዋል። «ትዝታ» ግን መነሻውን ያሳየናል። ስሙ ከክራርና ከማሲንቆ ተጫዋቾች የወረስነው የቅኝት ስም ነው፤ ይኸውም አምባሰልና ባቲ በየቦታቸው ስም ከሚጠሩባት ከወሎ ምድር ጋር በቅርብ የተሳሰረ ነው። በካሴቱ ላይ ዜማውን እንደ ድምፃዊ የሚያንጎራጉረው ኦርጋኑ ነው። ዘፋኙን ከፊት አንሥቶ ዜማውን ለመሣሪያ የመስጠቱ ድፍረት ከሸክላው በፊት እዚህ ተፈትኗል።

ታዲያ ካሴቱን ለምን ዘነጋነው? ሸክላ የአሳታሚ ስም ተለጥፎበት በሰብሳቢ እጅ ይቀመጣል። ካሴት ይለበሳል፣ ይበጠሳል፣ ሌላ ዘፈን ይቀዳበታል። እኛ የታሪክ ሰዎች ደግሞ የተረፈውን «የመጀመሪያው» ብለን እንሰይማለን። ይህ የሙያችን ዋነኛ አደጋ ነው። ያልተረፈው አልነበረም ማለት አይደለም፤ ከአማኑኤል በፊት ይምርሐነ፣ ከይምርሐነም በፊት ዛሬ የማናያቸው ብዙ ሕንፃዎች ነበሩ።

ተማሪዎቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ወደየቤታችሁ ስትመለሱ የወላጆቻችሁን የካሴት ሣጥን ክፈቱ። ሽፋኑ ቢጠፋም አትጣሉት። የተጫዋቾቹን ስም የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ ጻፉበት። ይምርሐነ ክርስቶስን ያቆየው የሠሪዎቹ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ዋሻውም ጭምር ነው። ለእነዚህ ካሴቶች ዋሻ የሚሆናቸው እናንተ ናችሁ።