«አወረድኩ እንጂ አላጋራሁም»፦ የቶረንት፣ የቴሌግራምና የቅጂ መብት ክትትል ነገር

በውስጥ መስመር ተደጋግመው ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «የምኖረው ውጭ አገር ነው። አንድ ፊልም በቶረንት አውርጄ ነበር፤ አሁን ከጠበቃ ቢሮ ገንዘብ ክፈል የሚል ደብዳቤ መጣብኝ። እኔ አወረድኩ እንጂ ለማንም አላጋራሁም። ደግሞስ እንዴት አወቁብኝ?» አንዳንዱ ሰው ጭራሽ ምንም ሳያወርድ ነው ደብዳቤው የሚደርሰው። በስሙ የገባውን ዋይፋይ ግን አብረውት የሚኖሩ ልጆች ይጠቀሙበታል።

ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፋይል መጋራት እንዴት ይሠራል? ተከታታዮቹ ምን ያያሉ፣ ምንስ አያዩም? ደብዳቤ ቢመጣ ምን ይደረጋል? እኛ አገር የተለመደው ቴሌግራምስ በምን ይለያል? (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እንገልጻለን።)

🔹 ከናፕስተር እስከ ቶረንት

በ1999 ናፕስተር የሚባል ፕሮግራም መጣ። ሰዎች ኮምፒውተራቸው ላይ ያለውን ሙዚቃ እርስ በርስ ይቀባበሉበት ጀመር። ዘፈኖቹ ያሉት በተጠቃሚው ኮምፒውተር ቢሆንም «ማን ምን አለው» የሚለው ዝርዝር ግን በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነበር። የሙዚቃ ኩባንያዎቹ በዚያው ዓመት ከሰሱት፤ በ2001 ተዘጋ። አንድ ቦታ ስለነበረ አንዱን ቦታ መዝጋት በቃ።

በዚያው በ2001 ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ቢትቶረንትን ይዞ ብቅ አለ። ይሄኛው የሚዘጋ አንድ መጋዘን የለውም። ፋይሉ ያለው ተጠቃሚው ዘንድ ነው። መጋዘኑን መዝጋት ሲያቅት ደግሞ ክሱ ወደ ተራው ተጠቃሚ ዞረ። የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ከ2003 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት ከ30,000 በላይ ሰዎች ላይ ክስ ወይም የክስ ማስጠንቀቂያ አቅርቧል። አንዲት የሚኒሶታ ነዋሪ በ24 ዘፈን ምክንያት 222,000 ዶላር እንድትከፍል በ2007 ተፈረደባት። ከብዙ ይግባኝ በኋላም በ2012 የጸናው ይኸው ቁጥር ነው።

በ24 ዘፈን ይሄ ሁሉ ገንዘብ እንዴት መጣ? የአሜሪካ ሕግ ካሳውን የሚያሰላው በጠፋው ገቢ ብቻ አይደለም። የመብቱ ባለቤት ከፈለገ ለእያንዳንዱ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊፈረድለት ይችላል፤ ጥፋቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ እስከ 150,000 ይደርሳል።

🔹 ቶረንት እንደ ዕቁብ ነው

ቶረንትን ለመረዳት ዕቁብን አስቡ። ዕቁብ ውስጥ ወስዶ ዝም የለም፤ የወሰደም ይከፍላል። ቶረንትም እንደዚያው ነው። አንድ ፊልም በብዙ ትናንሽ ቁራጮች ይከፈላል። እናንተ አንዱን ቁራጭ ከአንዱ ሰው፣ ሌላውን ከሌላው ትወስዳላችሁ። ቁራጩ እጃችሁ እንደገባ ደግሞ ፕሮግራሙ ሳይጠይቃችሁ ለሌሎች ማቀበል ይጀምራል። የተሠራው እንደዚያ ሆኖ ነው።

ስለዚህ «አወረድኩ እንጂ አላጋራሁም» የሚለው ንግግር በቶረንት ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም። እያወረዳችሁ እያጋራችሁ ነው። ጠበቆቹም አጥብቀው የሚይዙት ማውረዱን ሳይሆን ማጋራቱን ነው።

በ2014 የወጣው ፖፕኮርን ታይም ብዙ ሰው ያሳሳተው በዚህ ነው። መልኩ እንደ ኔትፍሊክስ ነው፤ ተጭኖ ማየት ብቻ። ከጀርባው ግን ቶረንት ነበር። «እኔ እኮ ያየሁት ብቻ ነው» ያሉ ሰዎች ደብዳቤ የደረሳቸው ለዚህ ነው።

ዕቁብ ጸሐፊ እንዳለው ሁሉ ቶረንትም ትራከር የሚባል ጸሐፊ አለው። ሥራው «ይሄን ፋይል የሚፈልጉትና ያላቸው እነ እገሌ ናቸው» እያለ የአባላቱን አይፒ አድራሻ መስጠት ነው። ዛሬ ዛሬ ያለ ጸሐፊም አባላቱ ራሳቸው አድራሻ ይቀባበላሉ። በሁለቱም መንገድ አድራሻችሁ ካልታወቀ ቁራጩ ሊደርሳችሁ አይችልም። ዝርዝሩ የግድ ክፍት ነው ማለት ነው።

ይሄን ስንል ቶረንት ራሱ ሕገወጥ ነው ማለታችን አይደለም። ሊኑክስን የመሳሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮች በቶረንት በይፋ ይሰራጫሉ። ጥያቄው የምትቀባበሉት ነገር የማን ነው የሚለው ነው።

🔹 ታዲያ እንዴት ያዩናል?

ሰዎች ስልካቸው ተጠልፎ ወይም ኮምፒውተራቸው ተሰብሮ ይመስላቸዋል። የለም። የክትትል ድርጅቱ የሚያደርገው እንደ ማንኛውም ሰው ዕቁቡ ውስጥ መግባት ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ይመዘግባል፦ የአይፒ አድራሻ፣ ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም ሃሽ የሚባለውን የፋይሉን የጣት አሻራ። ፋይሉን ሌላ ስም ብትሰጡት አሻራው አይቀየርም።

የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ብዙ ሰው የሚፈልገውን ፋይል በቶረንት የሚያወርድ ሰው በሦስት ሰዓት ውስጥ ተከታታዮች መዝገብ ላይ ሊገባ እንደሚችል አሳይተዋል።

ግን ሁሉም ክትትል እኩል አይደለም። አንዱ መንገድ ጸሐፊውን ብቻ ጠይቆ የሰጠውን ዝርዝር እንዳለ መቀበል ነው። ሌላው ራሱ አባሉ ጋር ሄዶ ቁራጭ መቀበል ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ግን ይሳሳታል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ይሄን በሚያስቅ መንገድ አሳዩ። ለትራከሩ የራሳቸውን ሳይሆን የግቢያቸውን ፕሪንተሮች አድራሻ ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ «ፊልም እያጋራችሁ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ በፕሪንተሮቹ አድራሻ መጣ። ፕሪንተር ፊልም ሲያወርድ አስቡት! 😄

ፕሪንተሩ አይከሰስም። ሰው ግን ይከሰሳል።

🔹 አድራሻው የማን ነው?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ተከታታዩ ያየው ቁጥር እንጂ ሰው አይደለም። ቁጥሩን ወደ ስም የሚቀይረው የኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት ነው፤ ለዚህም አሜሪካ ውስጥ በፍርድ ቤት በኩል የሚወጣ መጠየቂያ፣ ጀርመን ውስጥ ደግሞ የዳኛ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚወጣው ስም ውሉን የፈረመው ሰው ስም ነው። ፊልሙን ያወረደው ሰው ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።

አምስት ሰው በሚኖርበት ቤት ውሉ የአንዱ ነው። ቋንቋ የሚችለው ወይም ቀድሞ ወረቀት ያገኘው ልጅ በስሙ ያስገባል፤ ሌላው የይለፍ ቃሉን ይወስዳል። እንግዳ ሲመጣም ይሰጠዋል። ደብዳቤው ሲመጣ ግን ፖስታው ላይ ያለው የዚያ ልጅ ስም ነው።

ፍርድ ቤቶችም ይሄን ያውቃሉ። በ2018 የአሜሪካ ዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አንድ ሰው የአይፒ አድራሻው ውል ባለቤት መሆኑ ብቻውን ክስ ለማቆም አይበቃም ብሏል። ተከሳሹ የእንክብካቤ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ነበር፤ ኢንተርኔቱን ነዋሪውም እንግዳውም ይጠቀምበታል።

አውሮፓ ላይ ግን ነገሩ ጠንከር ይላል። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከጀርመን በመጣ ጉዳይ ላይ፣ የውሉ ባለቤት «ቤተሰቤም ይጠቀምበታል» ብሎ ብቻ፣ ማን መቼ እንደተጠቀመበት ሳያብራራ ከኃላፊነት ማምለጥ እንደማይችል ወስኗል። በአጭሩ፦ ስማችሁ መኖሩ ብቻ ወንጀለኛ አያደርጋችሁም፤ ዝም ማለት ግን አያዋጣችሁም።

🔹 ደብዳቤው ንግድ ሲሆን

አብዛኛው ሰው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ፍርድ ቤት ከመቆም ይልቅ ከፍሎ መገላገልን ይመርጣል። በዚህ ፍርሃት ላይ የቆመ ንግድም ተፈጥሯል። ከሁሉም የከፋው የአሜሪካው ፕሬንዳ ሎው ነው። የዚህ ቢሮ ጠበቆች የአዋቂ ፊልሞችን ራሳቸው ቶረንት ላይ እየጫኑ፣ ያወረደውን ሰው ደግሞ ራሳቸው እየከሰሱ ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። በ2019 አንደኛው ጠበቃ 14 ዓመት፣ ሁለተኛው 5 ዓመት እስር ተፈርዶባቸዋል።

ይሄ ማለት ግን ሁሉም ደብዳቤ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም። ጀርመን ውስጥ «አብማኑንግ» የሚባለው ማስጠንቀቂያ ሕጋዊ መሠረት ያለው ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ገንዘብ፣ እና «ዳግም አላደርግም» የሚል የተፈረመ ሰነድ። ከ2013 ወዲህ ግለሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጠፋ የሚጠየቀው የጠበቃ ወጪ ላይ ጣሪያ ተቀምጧል። ካሳው ግን ለብቻው ነው።

ደብዳቤ ከመጣ፦

✅ አትጣሉት። የተሰጠውን የመጨረሻ ቀን ለዩና ጻፉት።

✅ እውነተኛ መሆኑን አጣሩ። በኢሜይል ብቻ መጥቶ በአስቸኳይ ክፈሉ የሚል ነገር አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል።

✅ የተላከላችሁን ሰነድ እንዳለ አትፈርሙ። ፊርማው ለዓመታት የሚያስር ውል ነው፤ በኋላ ብትደግሙ በቅጣት ያስጠይቃል። ጠበቃ አስተካክሎ ሊጽፈው ይችላል።

✅ ደንግጣችሁ ስልክ አትደውሉላቸው። በስልክ የምትናገሩት ነገር እናንተው ላይ ሊመጣ ይችላል።

✅ በተባለው ቀንና ሰዓት ቤት ውስጥ ማን እንደነበረ፣ ዋይፋዩን እነማን እንደሚጠቀሙ አስታውሳችሁ ለራሳችሁ ጻፉ።

✅ ጀርመን ያላችሁ፣ በየከተማው ያለው የሸማቾች ምክር ማዕከል (ፌርብራውኸርሴንትራለ) ያማክራል። በቢጫ ፖስታ ከፍርድ ቤት የክፍያ ትዕዛዝ ከመጣ ደግሞ ለመቃወም ያላችሁ ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። እሱን አታሳልፉት።

✅ አሜሪካ ያላችሁ፣ ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁ «ስምህን እንድንሰጥ ታዘናል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ስማችሁ ከመሰጠቱ በፊት መቃወሚያ የማቅረቢያ ጊዜ አለ። በዚያው ጊዜ ውስጥ ጠበቃ አነጋግሩ።

🔹 የእኛው ቴሌግራምስ?

አገር ቤት ያለነው ፋይል የምንቀባበለው በአብዛኛው በቴሌግራም ነው። የመጽሐፍ ፒዲኤፍ፣ ሙሉ አልበም፣ ፊልም፤ ቻናሉ ብዙ ነው። አሠራሩ ከቶረንት ይለያል። ፋይሉ ያለው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው፤ የሚያወርደው ሰው አድራሻ ለሌላው ተጠቃሚ አይታይም። የሚታየው ቻናሉ ነው። ስለዚህ ክትትሉ የሚያነጣጥረው አውራጁ ላይ ሳይሆን ጫኙ ላይ ነው። የመብቱ ባለቤት ያመለክታል፤ ቴሌግራም ፋይሉን ያነሳል ወይም ቻናሉን ይዘጋል።

«የቻናል ባለቤት አይታወቅም» የሚለውም እምነት ተሰብሯል። ሕንድ ውስጥ አንዲት የፈተና መዘጋጃ መጻሕፍት የምትጽፍ መምህርት ሥራዋ ያለ ፈቃድ በቴሌግራም ሲበተን ከሰሰች። በ2022 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቴሌግራም የቻናሎቹን ባለቤቶች መረጃ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ድርጅቱም ስም፣ ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ አስረከበ።

ኢትዮጵያ ውስጥም ሕጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ እንደሚችልም ይደነግጋል። «ለትውልድ ጥቅም ነው የለቀኩት» የሚል የቻናል ባለቤት ይሄን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ከሆሊውድ ስቱዲዮ የወረደ ፊልምና አዲስ አበባ ላይ በራሱ ወጪ ያሳተመ ደራሲ መጽሐፍ በሕግ ፊት አንድ ናቸው፤ ጉዳታቸው ግን አንድ አይደለም። ስቱዲዮው የክትትል ድርጅትና ጠበቃ ይቀጥራል። የእኛ ደራሲ ለማተሚያ ቤት የከፈለውን ብር እንኳ ሳይመልስ መጽሐፉ ስካን ተደርጎ ቻናል ላይ ያገኘዋል። የሚከታተልለትም፣ ደብዳቤ የሚጽፍለትም የለም። ያለው ጠባቂ የአንባቢው ይሉኝታ ብቻ ነው።

🔹 ሲጠቃለል

▪️ በቶረንት ማውረድ ማጋራትም ነው። አድራሻችሁም ለሁሉም ይታያል።

▪️ አይፒ አድራሻ መስመሩን ያሳያል፤ ሰውዬውን አያሳይም። በስማችሁ ያለ ዋይፋይ ግን መጀመሪያ የሚያስጠይቀው እናንተን ነው። የይለፍ ቃሉን ስትሰጡ «ቶረንት እንዳትከፍቱበት» ማለት ነውር የለውም።

▪️ ደብዳቤ ከመጣ አትጣሉ፣ አትደንግጡ፣ ሳታማክሩ አትፈርሙ።

▪️ ቪፒኤን አድራሻ ይደብቅ ይሆናል እንጂ የሰው ሥራ የእናንተ አያደርግም።

ይሄ ጽሑፍ አጠቃላይ መረጃ ነው፤ የጠበቃ ምክርን አይተካም። አዲስ ለመጡና ዋይፋይ በስማቸው ላስገቡ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ደብዳቤ ደርሷችሁ የምታውቁ ካላችሁ እንዴት እንዳለፋችሁት ሳትጠቅሱ አትለፉ፤ ለሌላው ይጠቅማል። ስምና አድራሻ ግን አትጻፉ። መልካም ጊዜ! 🙏