ኳሳሮችን ቆጥሮ ሐሳቡን የቀየረው ሊቅ



ማታ ቀና ብለን ሰማዩን ስናይ ሁልጊዜ እንዲሁ የነበረ፣ ወደፊትም እንዲሁ የሚኖር ይመስለናል። ታላላቅ ሊቃውንትም እንዲህ ያሰቡበት ጊዜ ነበር። በ1948 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፍሬድ ሆይል፣ ሄርማን ቦንዲና ቶማስ ጎልድ በእንግሊዝ አገር «ስቴዲ ስቴት» የተባለውን ሐሳብ አቀረቡ። ጽንፈ ዓለም ይሰፋል፤ በሚሰፋው ቦታ ግን አዲስ ቁስ እየተተካ መልኩ አይለወጥም፤ መጀመሪያም የለውም አሉ።

በ1963 ደግሞ ማርተን ሽሚት የተባለ ትውልደ ሆላንዳዊ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ፣ በፓሎማር ተራራ ባለው የ5 ሜትር ቴሌስኮፕ 3ሲ 273 የተባለውን ኮከብ መሰል ነገር መረመረ። የብርሃኑ መስመሮች 16 በመቶ ያህል ወደ ቀይ ተስበው አገኛቸው። ኮከብ አልነበረም፤ ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ 2 ቢሊዮን ዓመት ያህል የፈጀበት ኳሳር ነበር። ኳሳር ማለት በጋላክሲ መሐል ያለ ግዙፍ ብላክ ሆል የሚስበው ጋዝ ግሎ ሲያበራ ነው።

ሩቁን ማየት የድሮውን ማየት ነው። ስለዚህ ሰማይ የማይለወጥ ከሆነ የኳሳሮች ብዛት በቅርብም በሩቅም እኩል መሆን አለበት።

ቆጠራው ግን ቀላል አይደለም። በጨለማ ኮረብታ ላይ ቆመን መብራት ብንቆጥር፣ ከቅርብ ሻማው እንኳ ይታየናል፤ ከሩቅ የሚታየን ግን ትልቁ አምፖል ብቻ ነው። በ1968 ሽሚት ይህን ችግር በዘዴ ፈታው። ለእያንዳንዱ ኳሳር «እስከ የት ቢርቅ አሁንም ይታየን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ኳሳሩ እስካለበት ድረስ ያለውን የሕዋ ስፋት፣ ሊታይ እስከሚችልበት ድረስ ላለው ስፋት አካፈለ። ኳሳሮች በእኩል ተበትነው ቢሆን ኖሮ አማካዩ ግማሽ በሆነ ነበር። ውጤቱ ግን ከግማሽ በለጠ፤ በድሮው ዘመን ኳሳሮች እጅግ ብዙ ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኳሳሮች ተመዝግበዋል። ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እጅግ በዝተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደማቆቹ ከመቶ እጥፍ በላይ ቀንሰዋል።

ልባችንን የነካው ግን ከሽሚት ሥራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በካምብሪጅ የሆነው ነው። ዴኒስ ሲያማ የስቴዲ ስቴት ብርቱ ጠበቃ ነበር። ከተማሪው ከማርቲን ሪስ ጋር ያን ጊዜ የታወቁትን ጥቂት ኳሳሮች ሲመረምር፣ ቁጥሩ የሚወደውን ሐሳብ እንደማይደግፍ አየ። በ1965 የታወቀው ከሰማይ ሁሉ የሚመጣ ጥንታዊ ጨረርም ይህንኑ አጠናከረ። ሲያማ እያዘነ ሐሳቡን በአደባባይ ተወ። ሆይል ግን በ2001 እስኪሞት ድረስ ሐሳቡን በሙሉ አልተወም።

ወገኖች ሆይ፣ «ሳይንስ እኛን ደገፈ» ብለን ለመፎከር አንቸኩል። ቆጠራው ሰማይ ታሪክ እንዳለው አሳየ፤ ፈጣሪውን የምናውቀው ግን በእምነት ነው። ይልቅስ ራሳችንን እንጠይቅ። በመድረክ ላይ የምንቆም እኛ፣ ተሳስተን ሳለ ስማችንን ለመጠበቅ ስንት ጊዜ ዝም ብለናል? ስለ እውነት እንኖራለን የምንል ሰዎች፣ ተማሪው ባመጣው ቁጥር ፊት ዝቅ ካለው ከዚህ መምህር እንማር።